አዲስ ኖት ለሠርግ፣ አሮጌ ኖት ለለቅሶ
ስለ ጃፓናውያን የስጦታ ፖስታ የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፖስታ ነው። የደብዳቤውን ማለቴ አይደለም፤ ጃፓናውያን ሠርግ ሲጠሩ ገንዘብ ጨምረው ስለሚይዙት፣ «ሹጊቡኩሮ» ስለሚባለው ነው። ሁለት ይዤ መጥቻለሁ። በቀኝ እጄ ያለው የሠርግ ነው። በግራዬ ያለው የለቅሶ ነው፤ «ኮደን» ለሚሉት የሐዘን ገንዘብ የሚሆን። ከኋላ ላላችሁትም እንዲደርስ አዙሩት። የሠርጉን ገመድ ግን አደራ እንዳትፈቱት፤ አንዴ ከወለቀ መልሼ የማሰር ሙያው የለኝም።

ከሩቅ ሲያዩዋቸው ወንድማማች ይመስላሉ። ሁለቱም ወፍራም ነጭ ወረቀት ናቸው፤ ወገባቸው ላይ በገመድ ታስረዋል፤ ከገመዱ በላይ የጉዳዩ ስም፣ ከገመዱ በታች የሰጪው ስም ይጻፍባቸዋል። ቀረብ ሲሉ ነው መለያየት የሚጀምሩት። የሠርጉ ገመድ ቀይና ነጭ ወይም ወርቃማና ብርማ ነው። የለቅሶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ በኪዮቶና በኦሳካ አካባቢ ደግሞ ቢጫና ነጭ። አሁን ገልብጡና ጀርባውን እዩት። የወረቀቱ የላይና የታች እጥፋት እዚያ ይደራረባሉ። በሠርጉ ፖስታ የታችኛው እጥፋት በላይኛው ላይ ይደረባል፤ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ደስታ እንዲቀበል ነው ይላሉ። በለቅሶው የላይኛው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሐዘን ፈሶ እንዲሄድ። ይህን ሲያጥፍ የተሳሳተ ሰው ምንም ያህል ገንዘብ ቢጨምር፣ ፖስታውን የሚቀበሉት እጆች ለቅጽበት ቆም ማለታቸው አይቀርም።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲዘረዘር የሰማ ሰው «ምን ጣጣ ነው!» ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው። እኔም ብዙዎቹ ደንቦች ባይኖሩ ዓለም አይጎድልባትም ባይ ነኝ። ሆኖም አብዛኞቹን ተራ በተራ ስትመረምሯቸው፣ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ሆኖ ታገኙታላችሁ፦ ሰጪው ከገንዘቡ ሌላ ጊዜውን አውጥቶበታል ወይስ አላወጣም? ገንዘብ ካለ በአንድ ደቂቃ ይሰጣል። እነዚህ ደንቦች ሁሉ የተሠሩት ያችን አንድ ደቂቃ ለማስረዘም ነው። የምነግራችሁን በዚህ ዐይን ተከታተሉልኝ።

ከላይ በስተቀኝ ጥግ ላይ ካለችው ትንሽ ጌጥ እንጀምር። ቀይና ነጭ ወረቀት ታጥፎ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ቢጫ ነገር ብቅ ብሏል። ስሙ «ኖሺ» ነው። ቢጫው ዛሬ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ነው፤ በርካሾቹ ፖስታዎች ላይማ ሥዕሉ ብቻ ታትሟል። ጥንት ግን ሥጋ ነበር። አዋቢ የሚባል ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ አለ፤ ሥጋው እንደ ፍራፍሬ ልጣጭ ሳይበጠስ በረጅሙ ይላጣል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በቀርከሃ እየተዳመጠ ይለጠጣል። ባሕር የሰጠው ውድ ምግብ ስለሆነ፣ ደግሞም ተለጥጦ ስለሚረዝም፣ የረጅም ዕድሜ ምኞት ሆኖ ከስጦታ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። ይህ ሥራ ዛሬም በሕይወት አለ። በሚዬ ክፍለ ሀገር ቶባ ከተማ ውስጥ ኩዛኪ የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። በዚያ ጠረፍ «አማ» የሚባሉ ሴት ጠላቂዎች ያለ አየር ጋን፣ በትንፋሻቸው ብቻ እየጠለቁ አዋቢ ያወጣሉ፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች ደግሞ እየላጡና እያደረቁ ለታላቁ የኢሴ ቤተ መቅደስ መባ ያዘጋጃሉ። ቶኪዮ ውስጥ ፖስታውን ከሱቅ መደርደሪያ በችኮላ አንሥቶ የሚከፍለው ወጣት ጥግ ላይ ያለችው ቢጫ ክር ከየት እንደመጣች ላያውቅ ይችላል። ክሯ ግን ሥራዋን አልተወችም። የለቅሶውን ፖስታ እዩት፤ ኖሺ የለውም። በቡድሃ ሥርዓት ለሟች ሥጋና ዓሣ አይቀርብምና፣ ወረቀት ሆና እንኳ የቀንድ አውጣዋ ሥጋ ለቅሶ ቤት አትገባም።

ወደ ገመዱ ልለፍ፤ እኔ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ስሙ «ሚዙሂኪ» ነው። በእጅ ሲዳሰስ ጠንካራ ሽቦ ይመስላል፤ ግን ወረቀት ነው። ዋሺ የሚባለው የጃፓን ወረቀት በረጅሙ ተቆርጦ ይገመዳል፣ ተለጥጦ ሙጫ ይቀባል፣ ደርቆ ይጠነክራል፣ ከዚያ ቀለም ወይም የሚያብለጨልጭ ክር ይለብሳል። በአብዛኛው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይኖረዋል። ሀገሪቱ ውስጥ ከሚሠራው አብዛኛው የሚወጣው ከአንድ ከተማ ነው፤ በናጋኖ ክፍለ ሀገር ተራሮች መሐል ካለችው ከኢዳ። ኢዳ ወደዚህ ሥራ የገባችበት ምክንያት ደስ የሚል ነው፤ ነገሩ የጀመረው ከፀጉር ነው። በኤዶ ዘመን የኢዳ ሰዎች የሚታወቁት የወንዶችን ቁንጮ ለማሰር በሚያገለግል የወረቀት ገመድ ነበር፤ ያን ጊዜ ሳሙራዩም ነጋዴውም ፀጉሩን ወደ ላይ ቋጥሮ ያስር ነበርና ገበያው አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1871 የሜጂ መንግሥት ሰው ፀጉሩን እንደወደደ እንዲቆረጥ የሚፈቅድ አዋጅ አወጣ። ቁንጮ ቀረ፤ የቁንጮ ገመድም አብሮ ቀረ። ባለሙያዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ያንኑ የወረቀት መግመድ ጥበብ ወደ ስጦታ ማሰሪያው አዞሩት። የቀድሞው ሥራም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ዛሬም ቁንጮ የሚያስሩ ወንዶች አሉና። የሱሞ ታጋዮችን ማለቴ ነው።

አሁን ቋጠሮውን ልብ በሉልኝ። እንደ ጫማ ክር፣ ጫፉን ሲስቡት የሚፈታ የቢራቢሮ ቋጠሮ አለ። ልጅ ሲወለድ፣ ተማሪ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚሰጥ ፖስታ በእሱ ይታሰራል፤ ተፈትቶ ደግሞ ይታሰር፣ ደስታው ይደጋገም ነው ነገሩ። ለሠርግ ግን ክልክል ነው። ለሠርግ የሚታሰረው የማይፈታው ቋጠሮ ነው፤ «አዋጂ» የሚባለው ዓይነት ሁለቱን ጫፍ በሳባችሁት ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል። ይሄው የማይፈታ ቋጠሮ ለለቅሶ ፖስታም ያገለግላል፤ ከበሽታ ለዳነ ሰው በሚሰጠው ላይም ይታሰራል። ጋብቻ፣ ሞትና በሽታ፣ ሦስቱም አንዴ ከሆኑ ይብቃቸው ማለት ነው። የጃፓንን የቀልድ ስሜት የሚጠራጠር ሰው ይህን ያስብ። የሠርጉ ገመድ ብዛቱም ይለያል፦ በሌላው አምስት የሆነው በሠርግ አሥር ይሆናል፤ ሁለት ቤተሰብ፣ አምስት አምስት ክር ይዞ እንደመጣ።

ወደ ውስጥ እንግባ። የውጪው ወረቀት ሲፈታ ገንዘቡ ወዲያው አይገኝም፤ ሌላ ተራ ነጭ ፖስታ አለ። በፊቱ የገንዘቡ መጠን፣ በጀርባው የሰጪው አድራሻና ስም ይጻፋል። መጠኑ የሚጻፈው በተለመደው የቁጥር ፊደል አይደለም። በተራው አጻጻፍ አንድ አንድ ሰረዝ ነው፣ ሁለት ሁለት ሰረዝ ነው፣ ሦስት ሦስት ሰረዝ ነው፤ እጁ የማይታመን ሰው አንዲት መስመር ጨምሮ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን ሦስት ያደርገዋል። ስለዚህ በሰነድና በውል ላይ የሚሠራባቸው፣ ብዙ ጭረት ያላቸው ፊደላት ይገባሉ። በፍቅር የተሰጠ ገንዘብ እንደ ኖታሪ ሰነድ መጠበቁ መጀመሪያ ላይ ያስገርማል። የኋላ ኋላ ግን ወረቀቷ የምትገባው መዝገብ ውስጥ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጽሑፉ በብሩሽ ይጻፋል። ዛሬ ቀለም የሚበጠብጥ የለም፤ ጫፉ እንደ ብሩሽ የለሰለሰ እስክሪብቶ በየሱቁ ይሸጣል። አንዳንዱ እስክሪብቶ በሁለት ጫፍ ሁለት ቀለም አለው፦ በአንደኛው ደማቅ ጥቁር፣ በሌላኛው የደበዘዘ ግራጫ። ደማቁ ለሠርግ ነው። ግራጫው ለለቅሶ ነው፤ እንባ ቀለሙ ላይ ወርዶ አቀጠነው፣ ወይም በድንጋጤ ቀለሙን በቅጡ ሳልበጠብጥ ተነሥቼ መጣሁ ለማለት። ይህን የሚሉበት ግራጫ ደግሞ በፋብሪካ ተለክቶ የተቀመመ ነው።

የነገሬ ዋና ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ለሠርግ የሚገባው ኖት አዲስ፣ ማንም ያላጠፈው መሆን አለበት። አዲስ ኖት ዝም ብሎ ኪስ ውስጥ አይገኝም። የገንዘብ ማሽኑ ያገለገለውንም ስለሚያወጣ፣ ሰውየው በሥራ ቀን ባንክ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ይቀየርልኝ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ ባንኩ ቅዳሜ ዝግ ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ «ቀናችሁን ቀድሜ ሳስብላችሁ ነበር» ይላል። ባንክ ያመለጠው ሰው ሠርጉ ወደሚደረግበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ሄዶ ይለምናል፤ ያም ካልሆነ አሮጌውን ኖት በካውያ ይተኩሳል፤ የሚተኩሱ መኖራቸውን ጃፓን የኖረ ሁሉ ያውቃል። ለለቅሶው ተቃራኒው ነው። አዲስ ኖት ማስገባት፣ ሞቱን ስትጠባበቅ ቆይተህ ገንዘብ አዘጋጅተሃል ማለት ይሆናል። ያገለገለ ኖት ይገባል፤ አዲስ ብቻ ያለው ሰው አንዴ አጥፎ ምልክት ያወጣበታል። በሠርጉ በኖቱ ላይ ያለው ምስል ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ከላይ ይሆናል፤ በለቅሶው ፊቱ ይደፋል። ደስታ ተጠብቆ የሚመጣ፣ ሐዘን ሳይታሰብ የሚደርስ ነው የሚል እምነት እንዲህ ወረቀት ላይ ወርዶ በጣት ይዳሰሳል።

ስለ ኖቱ ካነሣን ቅርብ ጊዜ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 አዳዲስ ኖቶች አወጣች፤ በ10,000 የኑ ላይ ሺቡሳዋ ኢዪቺ ወጣ፤ ወደ 500 በሚጠጉ ኩባንያዎች ምሥረታ ውስጥ እጁ ያለበት፣ የጃፓን ካፒታሊዝም አባት የሚባለው ሰው። ወዲያው በማኅበራዊ ሚዲያ አንድ ወሬ ተናፈሰ፦ ሺቡሳዋ በትዳሩ የማይታመን፣ ውሽማ የሚያበዛ ሰው ነበርና እሱን ሠርግ ላይ መስጠት ነውር ነው፤ የቀድሞውን፣ የፉኩዛዋ ዩኪቺን ኖት ፈልጉ! ብዙ ሰው ሳቀ፣ ጥቂት ሰው ተጨነቀ፣ ጋዜጦችም ጻፉበት። እኔ ነገሩን የማነሣው ደንብ እንዴት እንደሚወለድ ስላሳየኝ ነው። አዲስ ኖት ያስፈልጋል የሚለው ሥርዓት፣ አዲስ የተባለው ኖት ሲመጣ ራሱ አሮጌውን ማስፈለግ ጀመረ።

ስንት ይሰጣል? እንዲህ ብሎ በግልጽ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ጓደኛና የሥራ ባልደረባ 30,000 የን፣ ማለትም ወደ 200 የአሜሪካ ዶላር ገደማ፤ የቅርብ ዘመድ 50,000፣ አጎትና አክስት 100,000ም ሊደርሱ ይችላሉ። የመጀመሪያው አኃዝ ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሙሉ ቁጥር ለሁለት እኩል ስለሚከፈል መለያየት ይመስላል። አራት ከሞት፣ ዘጠኝ ከሥቃይ ጋር ድምፅ ስለሚጋሩ አይነኩም። አቅሙ 20,000 ብቻ የሆነ ወጣትስ? መላ አለው፦ አንድ የ10,000 እና ሁለት የ5,000 ኖት አድርጎ፣ ቢያንስ የወረቀቶቹን ቁጥር ሦስት ያደርገዋል። ፖስታው ራሱም ከገንዘቡ ጋር መመጣጠን ይጠበቅበታል። ገመዱ የታተመበት ለ5,000 የን ዓይነቱ ነው፤ ትልቁ፣ ባለ ሸካራ ወረቀቱና በገመድ የተሠራ ሽመላ የተቀመጠበት ለ100,000። ትልቁን ገዝቶ ውስጡ 30,000 የጨመረ ሰው፣ ያለ ልኩ እንደለበሰ ይቆጠራል።

ይህ 30,000 በእውነት ስጦታ ነው? እንነጋገርበት። የአንድ እንግዳ ምግብ፣ መጠጥና የመልስ ስጦታ ሲደመር በቀላሉ 20,000 የን ይሻገራል። ሙሽሮቹ አዳራሹን ሲከራዩ እንግዶቻቸው ይዘው የሚመጡትን አስልተው ነው። ወዳጆቻቸው ባንድ ወቅት የሚያገቡባቸው ወጣቶች «የጎሹጊ ድህነት» የሚሉት አለ፤ ጎሹጊ ማለት ይሄው የሠርግ ገንዘብ ነው። ፖስታው ያን ሁሉ ስሌት ይሸፍነዋል። ሁሉም የሚያውቀውን ዋጋ፣ ሁሉም እንዳላየ እንዲያልፈው ያደርጋል።

ሆካይዶ ግን አልሸፈነችውም። በሰሜኗ ደሴት የሠርግ ጥሪ ላይ የመግቢያው ዋጋ ተጽፎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ15,000 እስከ 20,000 የን። ፖስታ አያስፈልግም፤ ከቦርሳ አውጥቶ በሩ ላይ መክፈል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኑሮ ወጪን ለማቃለል ከተነሣው እንቅስቃሴ ጋር የተስፋፋ ልማድ ነው ይባላል። በለቅሶ ቤትም ለሐዘን ገንዘብ ደረሰኝ ይሰጣል። ከቶኪዮ የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ የሆካይዶው ሰው በበኩሉ ቶኪዮ ሲጠራ የፖስታውን አጣጠፍ ሦስት ጊዜ እየጠየቀ ይጨነቃል። ለእኔ የሆካይዶው ሐቀኛ ነው፤ የቶኪዮው ደግሞ ያምራል።

አሁን ሰውየው ሠርጉ በር ላይ ደርሷል። ፖስታውን እጁ ላይ አንጠልጥሎ አልመጣም፤ «ፉኩሳ» በሚባል የሐር ጨርቅ ጠቅልሎታል። ለደስታ ቀይ ወይም ብርቱካናማ፣ ለሐዘን ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ፤ ወይን ጠጁ ለሁለቱም ስለሚሆን ብልህ ሰው እሱን ይገዛል። ጠረጴዛው ጋ የሙሽራውና የሙሽሪት ጓደኞች ቆመዋል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል፣ ጨርቁን ይፈታል፣ ፖስታውን ጨርቁ ላይ እንዳለ አዙሮ ስሙ ለተቀባዩ እንዲነበብ አድርጎ በሁለት እጁ ያቀርባል። ከዚያ መዝገቡ ላይ ይፈርማል። ቆጠራ የለም፣ ማየት የለም፤ ነገሩ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቀናት የፈጀው ዝግጅት የሚያልቀው እዚህ ነው።

ማታ ግን ይቆጠራል። የውስጠኛው ፖስታ ላይ ያ ሁሉ አድራሻና ያ የማይደለዝ ቁጥር የተጻፈው ለዚህ ነበር። ስምና መጠን መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ነገ የሰጪው ልጅ ሲያገባ መጠኑ ታይቶ ይመለሳል። እኛ «ብድር በምድር» የምንለው ነው፤ እነሱ ጋ ቁጥሩ ሳይሸራረፍ ይያዛል። እንግዳውም ባዶ እጁን አልወጣም፤ «ሂኪዴሞኖ» የሚባል የመልስ ስጦታ በቦርሳ ይዟል። ከውስጡ ብዙ ጊዜ የማይጠፋው ባውምኩኸን የሚባል የጀርመን ኬክ ነው፤ ሲቆረጥ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት በቀለበት ስለሆነ የዕድሜ ምኞት አደረጉት። ወደ ጃፓን ያስገባው ካርል ዩኻይም የሚባል ጀርመናዊ የጦር ምርኮኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ሂሮሺማ ውስጥ በተደረገ ዐውደ ርእይ ላይ ጋግሮ ሸጠ። ዐውደ ርእዩ የተደረገበት ሕንፃ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው፣ ከአቶሚክ ቦምቡ የተረፈው ባለ ጉልላቱ ፍርስራሽ ነው።

ሠርጉ ላይ መገኘት ያልቻለስ? በተራ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ መላክ በሕግ ክልክል ነው። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ፣ በአደራ የሚመዘገብ የጥሬ ገንዘብ ፖስታ አለ፤ ትልቁ ዓይነት ሹጊቡኩሮውን ከነገመዱ ይይዛል። ማለትም ፖስታ በፖስታ ውስጥ፣ ውስጡ ደግሞ ሌላ ፖስታ። አሁን አሁን በካርድና በስልክ የሚላክበት አገልግሎትም መጥቷል፤ ለሙሽሮቹ ማታ የሚቆጥሩትን ያቀልላቸዋል።

መገኘትና መላክ ምን ያህል እንደሚለያዩ በሕግ የተጻፈበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ የምርጫ ሕጉ ነው። ጃፓን ውስጥ ፖለቲከኛ ለመራጮቹ ገንዘብ መስጠት አይችልም። ሠርግና ለቅሶ ሲሆን ግን፣ በአካል ተገኝቶ፣ እንደ ሰዉ ልማድ ተመጣጣኙን በገዛ እጁ ከሰጠ አይቀጣም። በተወካይ ከላከ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር የነበሩት የሱጋዋራ ኢሹ ጸሐፊ በአንድ ደጋፊ ለቅሶ ላይ በሳቸው ስም የሐዘን ፖስታ መስጠቱን አንድ ሳምንታዊ መጽሔት አወጣ። ውስጡ 20,000 የን ነበር። ሚኒስትሩ በኦክቶበር ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ከተሾሙ ሁለት ወር እንኳ አልሞላቸውም ነበር።